ደንበኛ ወይስ ባለቤት? ከብሪታንያ ባንኮችና የቤት መሥሪያ ማኅበራት መስኮት የሚገኝ ትምህርት

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባል ማኅበራት ተወካዮችና ለተጋበዙ እንግዶች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተወካዮች፣
የተከበራችሁ የወረዳና የዞን የሥራ ኃላፊዎች፣
ክቡራትና ክቡራን፣



በእንዲህ ያለ የበዓል ቀን ስለ ተሰበሰበው እህል፣ ስለ ቀረበው ማዳበሪያና ስለ ተሠራው መጋዘን መናገር የተለመደ ነው፤ ተገቢም ነው። የዚህ ንግግር ርእስ ግን ከዚያ ጠበብ ያለ ነው። ርእሱ አንዲት መስኮት ናት። አባሉ ገንዘቡን ለማስቀመጥ፣ ብድር ለመጠየቅ ወይም የእህሉን ሒሳብ ለመቀበል የሚቆምባት መስኮት።

አንድ አርሶ አደር ከቀበሌው ተነሥቶ ሁለትና ሦስት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ ሲደርስ መስኮቷን ተዘግታ ቢያገኛት፣ ወይም ተከፍታ ሳለ የሚያናግረው ሰው ቢያጣ፣ ስለ ማኅበሩ የሚፈርደው የኦዲት ሪፖርት አንብቦ አይደለም። የሚፈርደው በዚያች መስኮት ባየው ነው። ወደ ቤቱም ሲመለስ ለጎረቤቱ የሚነግረው እርሱኑ ነው።

ይህን ጉዳይ ለመመልከት የሩቅ አገር ምሳሌ ተመርጧል፤ ብሪታንያ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዛሬ በዓለም የሚሠራበት የኅብረት ሥራ ማኅበራት መርሕ መሠረቱ በ1844 በሮችዴል ከተማ 28 ሠራተኞችና የእጅ ባለሙያዎች ባቋቋሙት ሸማቾች ማኅበር ላይ ነው። በዚያችው አገር፣ በየከተማው ዋና የገበያ ጎዳና ላይ፣ በባለ አክሲዮኖች የተያዙ ባንኮችና በአባላት የተያዙ የቤት መሥሪያ ቁጠባና ብድር ማኅበራት ጎን ለጎን ለረጅም ዘመን ሠርተዋል። አንዱን ከሌላው ለማነጻጸር ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም። የብሪታንያ ዓመታት በሙሉ የተጠቀሱት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን መገንዘብ ያስፈልጋል።

እንደ ዕቁብ የተጀመረ ማኅበር

ቢልዲንግ ሶሳይቲ የሚባሉት የቤት መሥሪያ ማኅበራት ታሪክ የሚጀምረው በ1775 በበርሚንግሃም ከተማ ነው። ሪቻርድ ኬትሊ የተባለ የመጠጥ ቤት ባለቤት ደንበኞቹን አሰባስቦ ማኅበር አቋቋመ። አባላቱ በየወሩ የተወሰነ ገንዘብ ያዋጣሉ፤ በተጠራቀመው ገንዘብ ተራ የደረሰው አባል ቤት ይሠራል ወይም ይገዛል። ቤት ያገኘውም መዋጮውን መክፈል አያቆምም። ሁሉም አባላት ቤት ካገኙ በኋላ ማኅበሩ ይፈርሳል። ይህን የሰማ ኢትዮጵያዊ ዕቁብን ሳያስታውስ አያልፍም።

በ1840ዎቹ ደግሞ የማይፈርሱ፣ ቋሚ ማኅበራት መቋቋም ጀመሩ። ቤት መሥራት የማይፈልግ ሰው ገንዘቡን ያስቀምጣል፣ ወለድ ያገኛል፤ ቤት የሚፈልገው ይበደራል። ሁለቱም አባላት ናቸው። በ1874 ራሱን የቻለ ሕግ ወጣላቸው። በ1900 አካባቢ ቁጥራቸው ከ2,000 በላይ ነበር። አብዛኞቹ ትንንሾች፣ በአንድ ከተማ ወይም በአንድ አካባቢ የተወሰኑ ነበሩ። ስማቸው እንኳ የከተማቸው ስም ነበር፤ ሃሊፋክስ፣ ሊድስ፣ ኮቨንትሪ፣ ብራድፎርድ።

ባንኮቹ በበኩላቸው ዋና ትኩረታቸው ነጋዴውና ባለ ሀብቱ ነበር። ሠራተኛው ሕዝብ ለብዙ ዘመን የባንክን በር በፍርሃት ነበር የሚያየው። የአገልግሎታቸው ሰዓት ለደንበኛው ሳይሆን ለባንኩ ሠራተኛ የተመቸ ነበር። ከሰዓት በኋላ ቀደም ብለው ይዘጋሉ፤ በ1969 ደግሞ ቅዳሜ መክፈትን ጨርሶ ተዉ። በሥራ ቀን ፋብሪካ የሚውል ሰው ባንክ የሚሄደው መቼ ነው? የቤት መሥሪያ ማኅበራቱ ይህን ክፍተት አዩ። ቅዳሜ ጠዋት ከፈቱ። አባሉ የቁጠባ ደብተሩን ይዞ ይመጣል፤ የመስኮቷ ሠራተኛ በስሙ ትጠራዋለች፤ ያስገባው ገንዘብ እዚያው ፊቱ ደብተሩ ላይ ይመዘገብለታል። ባንኮቹ ቅዳሜ መክፈትን እንደገና የጀመሩት በ1980ዎቹ ውስጥ ገበያቸው ሲሸሽ ካዩ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ማኅበራቱ ያሸነፉት በሀብት ብዛት ወይም በሕንፃ ትልቅነት አልነበረም። ያሸነፉት አባሉ በሚመቸው ሰዓት በመክፈትና ሒሳቡን በዓይኑ እንዲያይ በማድረግ ነው።

“ነፃ አክሲዮን” ያመጣው ፈተና

በ1986 የወጣው አዲስ ሕግ የቤት መሥሪያ ማኅበራት በአባላት ድምፅ ወደ ባንክ አክሲዮን ማኅበርነት እንዲለወጡ ፈቀደ። በ1989 አቢ ናሽናል የተባለው ትልቅ ማኅበር የመጀመሪያው ሆነ። በ1997 ብቻ ሃሊፋክስ፣ አሊያንስ ኤንድ ሌስተር፣ ዉልዊችና ኖርዘርን ሮክ ተከተሉ። ብራድፎርድ ኤንድ ቢንግሊ በ2000 ጨመረ።

ለአባላቱ የቀረበው ማባበያ ቀላል ነበር፤ “ድምፅ ስጡ፣ ነፃ አክሲዮን ታገኛላችሁ”። አክሲዮኑን ሸጦ በመቶዎች፣ አንዳንዴም ከሺህ በላይ ፓውንድ ማግኘት የሚቻል ነበር። ይህን የሰሙ ብዙ ሰዎች ለዚህ ጥቅም ብቻ ሲሉ በየማኅበሩ እየዞሩ በትንሽ ገንዘብ ደብተር መክፈት ጀመሩ። ማኅበሩ ነገ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ለእነርሱ ትርጉም አልነበረውም።

መታሰብ የነበረበት ግን ገንዘቡ የማን ነው የሚለው ነበር። የተከፋፈለው የማኅበሩ ተጠባባቂ ሀብት አባቶችና አያቶች ከትርፋቸው እየቀነሱ ለልጅ ልጅ ያስቀመጡት ነው። በዚያ ቀን አባል ሆኖ የተገኘው ትውልድ የቀደመውንም የሚመጣውንም ድርሻ ጨምሮ ወሰደ።

ሁሉም ግን እጁን አልሰጠም። የማኅበራቱ ትልቁ የሆነው ኔሽንዋይድ ከኖቬምበር 1997 ጀምሮ አዲስ የሚገባ አባል ማኅበሩ ወደ ባንክነት ቢለወጥ የሚደርሰውን ገንዘብ ለበጎ አድራጎት እንዲያውል የሚያስገድድ ውል አስፈረመ። በ1998 ጉዳዩ ለአባላት ድምፅ ቀረበ፤ ወደ ባንክነት መለወጥ የሚለው ሐሳብ በጠባብ ልዩነት ወደቀ። ማኅበሩ የዳነው በጥቂት ድምፅ ነው።

ወደ ባንክነት የተለወጡትስ ምን ሆኑ? ዛሬ ከእነርሱ መካከል ራሱን ችሎ የቆመ አንድም የለም። አቢ ናሽናል በ2004 በስፔኑ ሳንታንደር ባንክ ተገዛ። ሃሊፋክስ በ2001 ከባንክ ኦፍ ስኮትላንድ ጋር ተዋሐደ፤ የተዋሐደውም ባንክ በ2008 ቀውስ ላይ ወድቆ በመንግሥት ገንዘብና በሌላ ባንክ ተጠቅልሎ ተረፈ። ብራድፎርድ ኤንድ ቢንግሊ በዚያው ዓመት በመንግሥት ተወረሰ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው፤ እዚህ ግን የፈሰሰው ተመልሶ የሚለቀም አልነበረም።

የሴፕቴምበር 2007 ሰልፍ

ከሁሉም ይልቅ የኖርዘርን ሮክ ታሪክ በዝርዝር መታየት ይገባዋል። ይህ ድርጅት በሰሜን እንግሊዝ፣ በኒውካስል ከተማ፣ ሁለት የቆዩ የቤት መሥሪያ ማኅበራት በ1965 ተዋሕደው የፈጠሩት ነበር። ማኅበር ሳለ የሚያበድረው በዋናነት ከአባላቱ ቁጠባ ነበር። ባንክ ከሆነ በኋላ ግን በፍጥነት ለማደግ ሲል ከትልልቅ የገንዘብ ገበያዎች ለአጭር ጊዜ እየተበደረ ለረጅም ዘመን ማበደር ጀመረ። በ2007 ካለው ገንዘብ ከአስቀማጮች የተገኘው ሩብ ያህሉ ብቻ ነበር።

በዚያው ዓመት በጋ የአሜሪካ የቤት ብድር ሲናጋ የገንዘብ ገበያዎቹ ደረቁ። ባንኩ ወደ እንግሊዝ ማዕከላዊ ባንክ ሄዶ የአስቸኳይ ጊዜ ብድር ጠየቀ። አስቀማጮቹ ይህን የሰሙት ገንዘባቸውን ካስቀመጡበት ባንክ አልነበረም፤ ሴፕቴምበር 13 ማታ ከቴሌቪዥን ዜና ነበር። በማግስቱ ዓርብ ከቅርንጫፎቹ ደጃፍ ረጃጅም ሰልፎች ታዩ። ለመላ አገሪቱ የነበሩት ቅርንጫፎች 70 ያህል ብቻ ነበሩ። ስልኩ ተጨናነቀ፤ የኢንተርኔት አገልግሎቱም ተቋረጠ። ሽማግሌዎችና ጡረተኞች ወንበር ይዘው ጎዳና ላይ ተቀመጡ። በብሪታንያ አስቀማጮች እንዲህ በባንክ ላይ የተረባረቡት ከ1866 በኋላ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ሰልፈኞቹ ሞኞች አልነበሩም። በዚያን ጊዜ የነበረው የተቀማጭ ዋስትና ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነው የመጀመሪያውን 2,000 ፓውንድ ብቻ ነበር፤ ከዚያ በላይ ላለው 33,000 ፓውንድ ዘጠና በመቶውን ብቻ። የዕድሜ ልክ ቁጠባውን በአንድ ደብተር ያስቀመጠ ሰው ሮጦ ቢሰለፍ አይፈረድበትም። ሰልፉ የተበተነው መንግሥት በሦስተኛው ቀን፣ ሰኞ፣ ተቀማጩን በሙሉ ዋስ እሆናለሁ ካለ በኋላ ነው። ባንኩ በፌብሩዋሪ 2008 ወደ መንግሥት እጅ ገባ።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። የባንኩ ጤነኛ ክፍል በ2012 ለቨርጂን መኒ ተሸጠ። ቨርጂን መኒን ደግሞ በ2024 የገዛው ማን ነው? በ1998 በጠባብ ድምፅ ማኅበር ሆኖ የቀረው ኔሽንዋይድ ነው። ለነፃ አክሲዮን ሲባል ከአባላት እጅ የወጣው ሀብት ቅሪት ከ27 ዓመት በኋላ ተመልሶ በአባላት ማኅበር እጅ ገባ።

የሽያጭ ኮታ መስኮቱን ሲቆጣጠር

ሁለተኛው ትምህርት ስለ መስኮቱ ሠራተኛ ነው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በብዙ የብሪታንያ ባንኮችና አንዳንድ ማኅበራት ዘንድ ብድር ለሚጠይቅ ሰው አብሮ የሚሸጥ መድን ነበር። ተበዳሪው ቢታመም ወይም ከሥራ ቢወጣ ብድሩን ይከፍልለታል የተባለ መድን ነው። ሐሳቡ በራሱ ክፉ አልነበረም። ይሁን እንጂ የግል ሥራ የሚሠራ ሰው፣ ጡረተኛ፣ ቀድሞ የታመመ ሰው ቢገዛውም አደጋ በደረሰበት ጊዜ ካሳ የማያገኝበት ብዙ ሁኔታ ነበር። ለእነዚህ ሰዎችም ተሸጠ። አንዳንዱ መግዛቱን እንኳ አያውቅም ነበር። አንዳንዱ “ይህን ካልገዛህ ብድሩ አይፈቀድም” ተብሏል።

ለምን እንዲህ ሆነ? ሠራተኛው የሚመዘነው በሸጠው ብዛት ስለ ነበር ነው። የባንኮች ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2013 በአንድ ትልቅ የባንክ ቡድን ላይ የ28 ሚሊዮን ፓውንድ ቅጣት ሲጥል ያወጣው ማብራሪያ ይህን በግልጽ ያሳያል። ኮታውን ያላሟላ የሽያጭ አማካሪ ከደረጃው ዝቅ ይል፣ ደመወዙም ይቀነስ ነበር። አንዱ አማካሪ ከደረጃው እንዳይወርድ ሲል ለራሱ፣ ለባለቤቱና ለሥራ ባልደረባው የመድን ውል ሸጧል።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢሆንም፣ በመጨረሻ ሒሳቡ ተከፈለ። የማመልከቻው ጊዜ ኦገስት 29 ቀን 2019 እስኪዘጋ ድረስ በቀረቡት አቤቱታዎች ምክንያት ባንኮቹና ሌሎች አበዳሪዎች ለደንበኞች የመለሱት ገንዘብ ከ38 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ነው። በትንሽ በትንሹ ከድሃ ኪስ የተወሰደ ገንዘብ ተጠራቅሞ ምን ያህል እንደሚሆን ከዚህ መገመት ይቻላል።

መስኮቱ ሲዘጋ

ሦስተኛው ጉዳይ የቅርንጫፎች መዘጋት ነው። በዓለም የመጀመሪያው ተብሎ የሚታወቀው የገንዘብ መክፈያ ማሽን በ1967 በለንደን ሰሜናዊ ዳርቻ፣ በኤንፊልድ ተተከለ። በ1989 ሌሊትና ቀን በስልክ ብቻ የሚያገለግል ባንክ ተከፈተ። ከዚያ ኢንተርኔቱ፣ ከዚያም የእጅ ስልኩ መጣ። አገልግሎቱ ፈጠነ፤ ብዙ ሰው ተጠቀመ። ይህን መካድ አይቻልም።

በሌላ በኩል ከ2015 መጀመሪያ ወዲህ ከ6,000 በላይ የባንክና የቤት መሥሪያ ማኅበራት ቅርንጫፎች ተዘግተዋል። በገጠር ከተሞች የመጨረሻው ባንክ ሲዘጋ የተጎዱት የታወቁ ናቸው፤ አረጋውያን፣ ማየትና መስማት የተሳናቸው፣ የዕለት ገቢውን በጥሬ ገንዘብ የሚይዝ ትንሽ ነጋዴ። ወደ ለንደንና ወደ ሌሎች ከተሞች የሄዱ ኢትዮጵያውያንም ይህን ዓይነቱን ችግር በሌላ መልኩ ያውቁታል። የባንክ ደብተር ለመክፈት የመኖሪያ አድራሻ ማረጋገጫ ይጠየቃል፤ በሰው ቤት አንድ ክፍል የተከራየ አዲስ ገቢ ደግሞ የመብራትም የጋዝም ደረሰኝ በስሙ የለውም። ያለ ባንክ ደብተር ደመወዝ መቀበል ያስቸግራል። እንዲህ ያለውን ችግር አንድ ማሽን አይፈታውም፤ ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ ሰው ይፈልጋል።

በዚህ ምክንያት ሁለት ነገሮች ተሞከሩ። አንደኛው ተፎካካሪ ባንኮች በአንድነት የሚጠቀሙበት የጋራ ቢሮ ነው። ገንዘብ መቀበሉንና መክፈሉን ፖስታ ቤት በየቀኑ ይሠራል፤ የየባንኩ ሠራተኛ ደግሞ በሳምንት በተመደበለት ቀን እየመጣ ደንበኞቹን ያነጋግራል። እስከ 2024 መጨረሻ የእነዚህ ቢሮዎች ቁጥር 100 ደርሷል። ሁለተኛው ኔሽንዋይድ በይፋ የገባው ቃል ነው፤ ቅርንጫፍ ባለበት ከተማ ሁሉ ቅርንጫፉን ለተወሰኑ ዓመታት እንደማይዘጋ አስታወቀ።

በመስኮት የሚቆም ሰው ሌላም ዋጋ አለው። በብሪታንያ ባንኮችና ፖሊስ በ2016 በጀመሩት አሠራር፣ አንድ አረጋዊ ያልተለመደ ብዛት ያለው ገንዘብ ሲያወጣ ሠራተኛው በትሕትና ምክንያቱን ይጠይቃል። አጭበርባሪ እንዳለ ከጠረጠረ ፖሊስ ይጠራል። ማሽን ገንዘቡን ቆጥሮ ይሰጣል እንጂ የሰውን ፊት አያነብም።

አቤት የሚባልበት ቦታ

ደንበኛ ቢበደል የት ይሄዳል? በብሪታንያ የባንኮች እንባ ጠባቂ በ1986፣ የቤት መሥሪያ ማኅበራት እንባ ጠባቂ ደግሞ በ1987 ተቋቋሙ። በ2001 ከሌሎች ጋር ተጠቃለው አንድ የፋይናንስ እንባ ጠባቂ ሆኑ። አሠራሩ አጭር ነው። ደንበኛው አቤቱታውን በቅድሚያ ለራሱ ለባንኩ ያቀርባል። ባንኩ በ8 ሳምንት ውስጥ የመጨረሻ መልስ መስጠት አለበት። መልሱ ካላረካው ወይም መልስ ካላገኘ ወደ እንባ ጠባቂው ይሄዳል፤ ክፍያ አይጠየቅም። እንባ ጠባቂው የሰጠውን ውሳኔ ደንበኛው ከተቀበለው ባንኩ የመፈጸም ግዴታ አለበት።

ከዚህ ውስጥ ቁም ነገሩ ሁለት ነው፤ አቤቱታ የሚመለስበት ቀን የታወቀ መሆኑና አቤቱታውን የሚያየው የተከሰሰው ሰው ራሱ አለመሆኑ።

ማኅበር መሆን ብቻውን አያድንም

ከላይ የተባለውን ሰምቶ “ባንክ መጥፎ፣ ማኅበር ጥሩ” ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። በ2009 ደንፈርምሊን የተባለው የስኮትላንድ የቤት መሥሪያ ማኅበር ከተለመደ ሥራው ወጥቶ ለንግድ ሕንፃዎች ባበደረው ገንዘብ ምክንያት ወደቀ። ባለቤቶቹ አባላት ነበሩ፤ ይህ ግን ከመውደቅ አላዳነውም። አስቀማጮቹ ገንዘባቸውን ያላጡት ደብተራቸው ወደ ኔሽንዋይድ ስለ ተዛወረ ነው።

ኔሽንዋይድ ራሱም ከትችት አላመለጠም። በ2023 መስፈርቱን ላሟሉ 3.4 ሚሊዮን አባላት ለእያንዳንዳቸው 100 ፓውንድ ከትርፉ አካፍሏል፤ ይህ የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ በ2024 ቨርጂን መኒን በ2.9 ቢሊዮን ፓውንድ ሲገዛ ለአባላት ድምፅ አላቀረበም። ሕጉ አያስገድድም የሚል መልስ ተሰጠ። “ባለቤቶቹ እኛ ከሆንን ስለምን አልተጠየቅንም?” ያሉ አባላት ግን ነበሩ። ጥያቄያቸው ተገቢ ጥያቄ ነው። አባል በዓመት አንድ ቀን ብቻ ባለቤት፣ በቀረው ጊዜ ደንበኛ ብቻ ከሆነ፣ ቀስ በቀስ ባለቤትነቱን ይረሳዋል።

ዛሬ በብሪታንያ የቀሩት የቤት መሥሪያ ማኅበራት ከ40 ጥቂት ቢበልጡ ነው። የቀሩት ግን ቆመዋል። ለቆሙበት ምክንያት አንዱ ሕጉ ነው፤ ከሚያበድሩት ቢያንስ ሦስት አራተኛው በመኖሪያ ቤት ዋስትና እንዲሆን፣ ከገንዘባቸውም ቢያንስ ግማሹ ከአባላት ቁጠባ እንዲገኝ ያዛል። ሌላው ምክንያት አባላቱ አለመልቀቃቸው ነው።

ለዩኒየኑና ለአባል ማኅበራት

የተከበራችሁ ተሰብሳቢዎች፣

በኢትዮጵያ የኅብረት ሥራ ማኅበራት በአዋጅ ቁጥር 147/1991፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት ሲደራጁ አንድ አባል አንድ ድምፅ የሚለው መርሕ ተደንግጓል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክም ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተባብረው ባለ አክሲዮን የሆኑበት ባንክ ነው። በመሆኑም ከላይ የቀረበው ታሪክ የሌላ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ከዚህ ተነሥቶ የሚከተሉት ነጥቦች ለውይይት ቀርበዋል።

1ኛ. የመስኮቱ ሰዓት በገበያ ቀን ይመራ። አርሶ አደሩ ወደ ከተማ የሚወጣው በገበያ ቀን ከሆነ፣ በዚያ ቀን ስብሰባ ተብሎ ቢሮ መዝጋት አይገባም። ሰዓቱ በሩ ላይ ይለጠፍ፤ ገንዘብ ያዡ በማይኖርበት ቀን ተተኪው የታወቀ ይሁን።

2ኛ. ሒሳቡ በአባሉ ፊት ይጻፍ። ደብተሩ ሳይሞላና ደረሰኝ ሳይሰጥ አባሉ ከመስኮቱ አይሸኝ። ማንበብ ለማይችሉ እናቶችና አባቶች ቀሪ ሒሳባቸው ለብቻቸው ይነበብላቸው። “በኋላ እንመዘግባለን” የሚባል ነገር የመጠራጠር መጀመሪያ ነው።

3ኛ. ሠራተኛ በብዛት ብቻ አይመዘን። ብድር ለሚወስድ አባል የማያስፈልገውን ዕቃ ወይም ግብዓት አብሮ እንዲወስድ ማስገደድ፣ ኮታ ለማሟላት ሲባል የማይመልስን ሰው ማበደር፣ የሌላው አገር ሰዎች በብዙ ቢሊዮን የከፈሉበት ስሕተት ነው። አባሉ የወሰደው ነገር ጠቅሞታል ወይ የሚለው ይጠየቅ።

4ኛ. የአቤቱታ መዝገብ ይኑር። በመዝገቡ ላይ የቀረበበት ቀንና መልስ የሚሰጥበት ቀን ይጻፍ። መዝገቡን የሚያየው ቁጥጥር ኮሚቴው እንጂ አቤቱታ የቀረበበት ሠራተኛ አይሁን። በየጠቅላላ ጉባዔው ስንት ቀረበ፣ ስንቱ ተፈታ የሚለው ይነበብ።

5ኛ. ክፉ ወሬ ቢኖር አባሉ ከማኅበሩ አፍ ይስማ። የእህል ዋጋ ወድቆ ወይም ገዢ ዘግይቶ ክፍያ ሊጓተት ሲል፣ አመራሩ ቀድሞ ወደየቀበሌው ወርዶ ያስረዳ። የኒውካስሉ ባንክ አስቀማጮች ከቴሌቪዥን መስማታቸው ሰልፉን አረዘመው እንጂ አላሳጠረውም።

6ኛ. ተጠባባቂ ሀብት ይከበር። በድርቅ ዓመት ወይም በቅሬታ ቀን “ያለውን ተካፍለን እንለያይ” የሚል ድምፅ ሊነሣ ይችላል። ችግሩ እውነተኛ ነውና ድምፁን መገሠጽ ሳይሆን ማስረዳት ያስፈልጋል። መጋዘኑና የጭነት መኪናው ዛሬ ቢሸጥ ለአንድ አባል የሚደርሰው ስንት ነው? በሚመጣው ዓመት ያለ መጋዘን እህሉን ለነጋዴ በስንት ይሸጣል? ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ይቀመጡለት፤ አባሉ ራሱ ይፈርዳል።

7ኛ. ትልቅ ውሳኔ ወደ ባለቤቱ ይምጣ። ሕግ አያስገድድም ማለት አባሉን ላለመጠየቅ ምክንያት አይሆንም።

ለሥራ ኃላፊዎችም የሚባል አለ። ኦዲት በጊዜው እንዲደረግ ማገዝ፣ ጠቅላላ ጉባዔም ሪፖርት ተነቦ የሚጨበጨብበት ሳይሆን የሚጠየቅበት እንዲሆን መርዳት ከእነርሱ ይጠበቃል። በአባል ምትክ መወሰን ግን ማኅበሩን ከአባሉ ያርቀዋል።

አባላትም ድርሻ አላቸው። የተበደረ ይመልስ፤ የጎረቤቱ ቁጠባ ነውና። ደብተሩን ይመልከት። ጉባዔ ይምጣ። በ1998 ኔሽንዋይድን ያዳኑት ቤታቸው ቁጭ ብለው ድምፅ መስጫ ወረቀት ሞልተው በፖስታ የላኩ ተራ አባላት ናቸው። ከእነርሱ ጥቂቶቹ “የእኔ አንድ ድምፅ ምን ይጨምራል?” ብለው ቢተዉት ኖሮ ዛሬ ያ ማኅበር አይኖርም ነበር።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ይባላል። ድሩ የሚያብረው ግን በበዓል ቀን አዳራሽ ውስጥ ብቻ አይደለም። በአዘቦት ቀን፣ በፀሐይና በዝናብ፣ አንዲት እናት የእንቁላልና የቅቤ ሽያጭ ገንዘቧን በመቀነቷ ቋጥራ መጥታ መስኮቱ ላይ ስትቆም ነው። “ደህና ዋሉ እናቴ፣ ይምጡ” ተብላ ከተስተናገደች፣ ሒሳቧ ተነቦላት ከተመለሰች፣ ዩኒየኑ ብዙ በዓላት ያከብራል።

መልካም በዓል!